«አቦ አዲስ አበባ ብትሄድ…»

ገለምሶ ውስጥ ኳስ የሚወድ፣ ድምፁ ወፈር ያለና አንደበቱ የተፈታ ልጅ ብቅ ካለ የሚሰጠው ምክር አንድ ነው። መምህሩም፣ የሠፈር ታላላቆቹም፣ ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ የተሰየሙትም «አቦ አንተ እኮ አዲስ አበባ ብትሄድ…» ይሉታል። ዓረፍተ ነገሩን የሚጨርሰው የለም፤ ቀሪውን ሰሚው ራሱ ይሞላዋል። አንዱ ኤፍ ኤም ጣቢያ በልምምድ ይገባል፣ ስማቸው ከታወቀ የስፖርት ሰዎች ጎን ይቀመጣል፣ ከዚያ ወዲያ እንጀራ ወጣለት። ጭሮም ሂዱ በዴሳ፣ ሂርናም ሂዱ ሚኤሶ፣ ምክሩ አይለወጥም።

መካሪዎቹ ክፋት የለባቸውም። ግን ተሳስተዋል፤ ስህተታቸውም የልጆቹን ዕድሜ እየበላ ነው። የስፖርት ጋዜጠኛ፣ በተለይ ኮሜንታተር መሆን የሚፈልግ ሰው ሙያውን የሚማረው፣ እሱ ካልተናገረው ማንም የማይናገረው ጨዋታ ላይ ቆሞ ነው። እንዲህ ያለ ጨዋታ አዲስ አበባ ስቱዲዮ ውስጥ አይገኝም። ገለምሶ ባለችበት በምዕራብ ሐረርጌው ሀብሮ ወረዳ ውስጥ ግን ሞልቷል።

እስኪ አዲስ አበባ የሄደውን ልጅ እንከተለው። ዩኒቨርሲቲው የድጋፍ ደብዳቤ ጽፎለታል፣ ክብ ማኅተም አርፎበታል፣ ጣቢያውም እሺ ብሎ ተቀብሎታል። በመዲናዋ ኤፍ ኤሞች የሚሰሙት የስፖርት ፕሮግራሞች ብዙዎቹ የተባባሪ አዘጋጆች ናቸው። አዘጋጁ የአየር ሰዓት ይገዛል፣ ስፖንሰር ያፈላልጋል፣ የከፈለውን ለመመለስ ሲሯሯጥ ይውላል፤ ማስታወቂያ በየመሀሉ የሚደጋገመውም ለዚሁ ነው። ይህ ሰው ለተለማማጅ የሚተርፍ ጊዜም ማይክም የለውም። አልፈርድበትም። ገንዘብ የከፈለበትን ሰዓት ለጀማሪ መንተባተብ የሚለቅ ማን አለ? ስለዚህ ልጁ ጥግ ይዞ ላፕቶፕ ላይ ያቀረቅርና ከእንግሊዝ ድረ ገጾች የዝውውር ወሬ ሲተረጉም ይከርማል፤ ማን ከየት ወደ የት ሊሄድ እንደሆነ፣ የትኛው አሠልጣኝ ከየትኛው አጥቂ ጋር እንደተኳረፈ። የተረጎመውን አየር ላይ የሚያነበው ሌላ ሰው ነው። ጊዜው ሲያልቅ ቅጹ ላይ «በትጋት ሠርቷል» ተብሎ ይጻፍለትና ይመለሳል። አንድ ጨዋታ እንኳ ሜዳ ዳር ቆሞ ሳይዘግብ የስፖርት ጋዜጠኝነት ልምምዱን ጨረሰ ማለት ነው።

ትርጉምና ትረካ ሙያ አይደለም ማለቴ አይደለም። በብስራት ኤፍ ኤም 101.1 መንሱር አብዱልቀኒ የአንድን ተጫዋች ሕይወት ሲተርክ ሥራውን ትቶ ያላዳመጠ የኳስ ወዳጅ ስንት አለ? ነገር ግን እሱን የሰማ ወጣት ሁሉ መጀመሪያ የሚቀዳው ዜማውን ነው። ድምፁን ይጎትታል፣ ቃላቱን ያስረዝማል፣ ሥር የሌለውን ታሪክ በጌጥ ይሸፍነዋል። ጌጡ ደግሞ ቶሎ ይለመዳል፤ ያዩትን ነገር በትክክል መናገር ግን ዓመታት ይፈጃል።

ቅዳሜ ከሰዓት ገለምሶ ውስጥ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የሚታይበት የዲኤስቲቪ ቤት ግቡ። አግዳሚው ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ከተቀመጡት መካከል እንግሊዛዊውን ኮሜንታተር ፒተር ድሩሪን የሚያስመስል አንድ አይጠፋም። እንግሊዝኛው ሁሉ ባይገባውም ዜማው ገብቶታል፤ ድሩሪ የት ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የት ላይ እንደሚያፈነዳው ያውቃል። ይህን ልጅ «ድሩሪ የት ጀመረ?» ብላችሁ ጠይቁት። «ለንደን» ይላችኋል፤ ሌላ መልስ አይታየውም። ድሩሪ በሬዲዮ የጀመረው በ1990 እ.ኤ.አ. ሊድስ ከተማ ውስጥ፣ ቢቢሲ ሬዲዮ ሊድስ በሚባል የአካባቢ ጣቢያ ነው። ወደ አገር አቀፉ ስርጭት የተሻገረው ዓመታት ቆይቶ ነው። ከእሱ በፊት የእንግሊዝ ኳስ ድምፅ የነበረው ጆን ሞትሰንም «ባርኔት ፕሬስ» በሚባል የሠፈር ጋዜጣ ጀምሮ፣ በሼፊልድ በኩል አድርጎ ነው ቢቢሲ የደረሰው። የእኛ ልጆች የሚያስመስሏቸው ሰዎች እነሱ ራሳቸው «ዋና ከተማ ካልሄድክ አትሆንም» የሚለውን ምክር አልተከተሉትም።

አሁን ወደ ገለምሶ ሜዳ እንምጣ። የቀበሌዎች ጨዋታ ነው። መስመሩ በኖራ ተሰምሯል፤ ማለዳ ዝናብ ጥሎ ከነበረ ግማሹ የለም። ተመልካቹ መስመሩ ላይ ቆሟል፤ ጨዋታው በጋለ ቁጥር ግማሽ ሜትር፣ አንድ ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል፤ የመስመር ዳኛው እየገፋ ይመልሰዋል። ማልያው የተዋሱት ስለሆነ ጀርባ ላይ ያለው ቁጥር ስለ ለባሹ ምንም አይነግርም፤ አንዱ ቡድን ውስጥ ሁለት 10 ቁጥር ሊኖር ይችላል። አሰላለፍ አትሞ የሚያድል የለም። ከአሥራ አንዱ ተጫዋቾች ሦስቱ አህመድ ይባላሉ።

ኮሜንታተር መሆን የሚፈልግ ተለማማጅ እዚህ ምን ያደርጋል? ከጨዋታው አንድ ሰዓት ቀድሞ ይሄዳል። አሠልጣኙን ይለምንና ከደብተሩ ላይ ስሞቹን ይገለብጣል። ሦስቱን አህመዶች አንዱን በጫማው ቀለም፣ አንዱን በቁመቱ፣ አንዱን በግራ እግሩ ይለያቸዋል። ሜዳ ዳር ኳስ የሚያቀብሉ ሕፃናትን ይጠይቃል፤ የተጫዋቾቹን ቅጽል ስም ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ማን ባጃጅ እንደሚነዳ፣ ማን የ12ኛ ክፍል ፈተና እንደተቀመጠ፣ የማን ጉልበት ባለፈው ሳምንት እንደተጎዳ በዚያው ይሰማል። ፊሽካው ከተነፋ በኋላ ደግሞ ድጋሚ ምስል የለም። ኳሷ መስመሩን አልፋለች ወይስ አላለፈችም? ዳኛው ለምን ነፋ? ያቺ ኳስ ማንን ነክታ ነው የገባችው? ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ እየገባች፣ ከፊቱ የቆመው ሰውዬ እየጋረደው፣ ያየውን እዚያው መናገር አለበት፤ ያላየውንም «አላየሁም» ማለትን መልመድ አለበት። ቢሳሳት ሕዝቡ ሁሉ አይቷልና እዚያው ይታረማል፣ አንዳንዴም በስድብ። ተጫዋቾቹ ማታ ሻይ ቤት ያገኙታል፤ «እኔን ነው ወይ ሰነፍ ያልከው?» ይሉታል። ይህን ፈተና አልፎ ስለ ሰው በፍትሕ መናገር የለመደ ልጅ የትም ቢወስዱት አይቸገርም። ስለ ማንቸስተር ተጫዋች የፈለገውን የሚናገር ወጣት ግን ማን ይጠይቀዋል? ተጫዋቹ አይሰማው፣ አማርኛም አያውቅ።

ኮሜንታተሩን ደምሴ ዳምጤን የሚያስታውስ ሰው የምለው ይገባዋል። በ1980 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተካሄደው የሴካፋ ዋንጫ ፍጻሜ ኢትዮጵያ ከዚምባብዌ 1 ለ 1 ከተለያየች በኋላ በመለያ ምት አሸንፋ ዋንጫውን ስትወስድ፣ ስታዲየም ያልገባው ሕዝብ ጨዋታውን የተከታተለው በደምሴ አንደበት ነው። ቴሌቪዥን በየቤቱ በሌለበት ዘመን እሱ ለሰሚው ኳሷ የት እንዳለች፣ ማን እንደቆመ፣ ማን እንደሮጠ ይነግረው ነበር። ያን ዕለት ሬዲዮ ዙሪያ የነበሩ ሰዎች ዛሬም ሲያወሩት ዓይናቸው የሚበራው ደምሴ ስንት የተጫዋች ታሪክ ያውቅ እንደነበር አስበው አይደለም። ሜዳውን ቤታቸው ድረስ ስላመጣላቸው ነው። እንዲህ ያለ ችሎታ ከላፕቶፕ ጀርባ ተቀምጦ አይገኝም፤ ጨዋታ በማየትና ያዩትን ወዲያው በመናገር ብቻ ይመጣል፤ ለዚያ ደግሞ ብዙ፣ እጅግ ብዙ ጨዋታ ያስፈልጋል። ገለምሶ ያለው ተለማማጅ በሁለት ወር ውስጥ የሚያገኘውን የጨዋታ ብዛት የአዲስ አበባው በዓመትም አያገኘው።

«ቢሆንም ስፖርቱ ራሱ ያለው አዲስ አበባ ነው» የሚሉ አሉ። ይህ ድሮ እውነት ነበር። የ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊግ ውድድር ግን ከአዲስ አበባ ሌላ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ እየተዘዋወረ ነው የተካሄደው። የሊጉ የቴሌቪዥን መብት በአምስት ዓመት 68 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በተባለ ስምምነት ለመልቲቾይስ ከተሰጠ ወዲህ ደግሞ ጨዋታው በሱፐር ስፖርት በአማርኛ ኮሜንተሪ ሲተላለፍ አይተናል። ካሜራው ድሬዳዋ ሲመጣ ለገለምሶ ልጅ ከአዲስ አበባ ይልቅ ድሬዳዋ ይቀርበዋል። ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ደግሞ ከፍተኛ ሊግ አለ፣ አንደኛ ሊግ አለ፣ የክልል ክለቦች ሻምፒዮና አለ፤ እነዚህን ሁሉ የሚዘግብ ሰው ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ያሉት ጋዜጠኞች ቢፈልጉ እንኳ አይደርሱባቸውም።

አዲስ አበባ ገለምሶን የምታውቃት በጫቷ ነው። እሱ ሳይጠወልግ እንዲደርስ መኪናው በጭሮ በኩል እንዴት እንደሚበር መንገዱ ላይ የነበረ ያውቀዋል። የገለምሶ ጨዋታ ውጤት ግን ጭሮ እንኳ አይደርስም። በዴሳና ገለምሶ ተጫውተው ማን እንዳሸነፈ መቻራ ያለ ሰው የሚሰማው ስልክ ከተደወለለት ነው። ለዚህ ቸልታ ጥፋተኞቹ አዲስ አበቤዎች አይደሉም፤ የራሳችንን ጨዋታ ራሳችን እንደ ዜና አልቆጠርነውም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል።

እዚህ ላይ «የትኛው ጣቢያ ነው የሚለማመደው? ገለምሶ ቴሌቪዥን አላት እንዴ?» የሚል ይኖራል። ገለምሶ የራሷ ቴሌቪዥን የላትም። ግን የወረዳ ኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት አለ፣ ጭሮ ላይ የዞኑ አለ፤ ካሜራ ይዘው የሚቀርጹ፣ ዜና ልከው መቀመጫውን አዳማ ላደረገው ኦቢኤን የሚያደርሱ ሰዎች አሉ። ወደ ምሥራቅ ዝቅ ሲሉ ድሬ ቴሌቪዥን አለ፣ ድሬ ኤፍ ኤም 106.1 አለ፣ ሐረር ላይም የክልሉ ቴሌቪዥን አለ። ሐረማያ ይማር ጅማ፣ የገለምሶ ልጅ የልምምድ ደብዳቤውን መጀመሪያ መውሰድ ያለበት ወደ እነዚህ ነው።

ወደ እነሱ ይሂድ ስል ግን ልምምዱ አሁን ባለበት ሁኔታ ይቀጥል ማለቴ አይደለም። የአካባቢ ተቋሞቻችን የተለማማጅ አያያዝ ያሳፍራል። ልጁ ሲመጣ የካሜራ ስታንድ ያሸክሙታል፣ ሻይ ያስመጡታል፣ ከዚያ ስብሰባ ይወስዱታል። ሰኞ ስብሰባ፣ ረቡዕ ሥልጠና፣ ዓርብ የምክክር መድረክ። «ስፖርት እፈልጋለሁ» ቢል «ዋንጫው ሲደርስ» ይሉታል። ዋንጫው ሲደርስ ደግሞ ካሜራው ለመጨረሻው ጨዋታ ሁለተኛ አጋማሽ ይመጣል፤ የክብር እንግዳውን ንግግር ይቀርጻል፣ ዋንጫው ሲሰጥ ይቀርጻል፣ ይሄዳል። ዜናው ላይ የኃላፊዎቹ ስም ከነማዕረጋቸው ይነበባል፤ ጎል ያገባው ልጅ ስም የለም። ጨዋታው ስንት ለስንት እንዳለቀ የማይናገር የስፖርት ዜና ሰምታችሁ አታውቁም? እኔ ሰምቻለሁ፣ ከአንድ ጊዜ በላይ።

ዩኒቨርሲቲዎቹም ከደሙ ንጹሕ አይደሉም። ለተለማማጁ የሚሞላውን የግምገማ ቅጽ ያየ ሰው ምን እንደሚለካ ያውቃል፦ ሰዓት አክባሪነት፣ ሥነ ምግባር፣ ከሠራተኞች ጋር ያለው ግንኙነት። ኃላፊው ሳያነብ አምስት ከአምስት ይሞላል፣ ማኅተም ያሳርፋል። ቁርስ ቤት ለሚያስተናግድም ሰው ይኸው ቅጽ ይሠራል። የተቀዳ ድምፅ የሚጠይቅ መምህር የታለ? የስፖርት ተለማማጅ ከልምምድ ሲመለስ እሱ ራሱ ያስተላለፋቸውን ሙሉ ጨዋታዎች ይዞ ይምጣ፤ መምህሩ ዘጠና ደቂቃውን ተቀምጦ ይስማውና ነጥብ ይስጥ። በ70ኛው ደቂቃ ድምፁ ሲደክም፣ የሚለው ሲያልቅበት፣ ያኔ ምን እንደሚያደርግ ይሰማዋል። ሙያው የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው፤ የመጀመሪያውን አሥር ደቂቃ ማንም ይወጣዋል።

አሜሪካኖች ስለ ቪን ስከሊ የሚያወሩት አንድ ታሪክ አለ። ስከሊ የዶጀርስ ቤዝቦል ቡድን ድምፅ ሆኖ ከ1950 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. 67 የውድድር ዘመን ያገለገለ ሰው ነው። የጀመረው በተማረበት ፎርድሃም ዩኒቨርሲቲ ሬዲዮ ሲሆን ቀጥሎ ዋሽንግተን የሚገኝ ደብሊው ቲ ኦ ፒ የሚባል ጣቢያ በክረምት ተተኪ ሆኖ ሠራ። በ1949 ገና የ21 ዓመት ወጣት ሳለ ሬድ ባርበር የሚባለው አንጋፋ ኮሜንታተር ቦስተን ልኮ የኮሌጆች የአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታ እንዲያስተላልፍ አደረገው። ስከሊ የማስተላለፊያ ክፍል ይኖራል ብሎ ካፖርቱን ሆቴል ትቶ ሄደ። ክፍል አልነበረም። በኅዳር ብርድ ስታዲየሙ ጣሪያ ላይ፣ ረጅም ገመድ እየጎተተ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ጨዋታውን ጨረሰ። ሲመለስ ለባርበር ስለ ብርዱ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ባርበር ነገሩን የሰማው የቦስተን ሰዎች ይቅርታ ሲጠይቁት ነው። ዶጀርስ የቀጠረው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። የእኔን ትኩረት የሚስበው የልጁ ትዕግሥት አይደለም፤ ባርበር ነው። አንጋፋው ሰው ማይኩን ለ21 ዓመት ልጅ ሰጠና ላከው። እኛ ጋ የጠፋው ስከሊ አይደለም፤ የዲኤስቲቪ ቤቱ አግዳሚ በስከሊዎች ሞልቷል። የጠፋው ባርበር ነው።

ከሚቀርቡልኝ ተቃውሞዎች ሁሉ ክብደት ያለው የገንዘቡ ነው። ልምምድ አይከፈልበትም፤ ድሀ ቤተሰብ ልጁን በነጻ እያሠራ ማኖር አይችልም። እውነት ነው። ይህ እውነት ግን የሚመሰክረው ለእኔ ነው። አዲስ አበባ የሄደው ልጅ የቤት ኪራይ አለበት፣ ታክሲ አለበት፣ ምግብ አለበት፤ ይህን ሁሉ የሚችለው አዲስ አበባ ዘመድ ያለው ነው፤ ስለዚህ ሙያው ዘመድ ላለው ብቻ ይቀራል። ገለምሶ የሚለማመደው እናቱ ቤት ያድራል። ድሬዳዋ ወይም ሐረር ለሚሄደው ጣቢያው የትራንስፖርትና የምሳ ይቻለው፤ የልጁን ሥራ አየር ላይ አውሎ በነጻ መሸኘት ደግሞ ነውር ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ለሴቶቹ ልጆች ጉዳዩ ከገንዘብም ያልፋል። ሴት ልጁን ለሁለት ወር ብቻዋን አዲስ አበባ የሚልክ አባት በእኛ አካባቢ ብዙ የለም። ጭሮ አክስቷ ጋ ሆና ትለማመድ ቢባል ግን «ካልሽ እሺ» የሚል አይጠፋም። የስፖርት ማይክ በወንድ እጅ ብቻ የቀረበት አንዱ ምክንያት በሩን ሩቅ አድርገን ስለተከልነው ነው።

ቋንቋውን በተመለከተ «በኦሮምኛ የለመደ አማርኛ ላይ ይቸገራል» የሚል ነገር እሰማለሁ። የገለምሶ ልጅ እኮ በሁለቱም ነው ኳስ ሲያይ ያደገው፤ በአንዱ ይሳደባል በሌላው ይከራከራል። ድሬ ቴሌቪዥን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ያስተላልፋል። ሁለት ቋንቋ ይዞ ለሚመጣ ኮሜንታተር ምሥራቁ ሰፊ ነው። አንዱን ብቻ ይዞ አዲስ አበባ ወረፋ የሚጠብቀው ነው የሚያሳዝነኝ።

የወረዳው የኮሙኒኬሽን ኃላፊ በመጨረሻ «በጀት የለንም» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። በጀት የጠየቃቸው የለም። ልጁ ስልክ አለው፤ የጆሮ ማዳመጫው ማይክ ነው፣ ሜዳው ዳር ቆሞ ይቅዳ፣ ማታ ባለሙያው ይስማለትና ያርመው፤ ሲበስል ለዞኑ ይላክ። ከመሥሪያ ቤቱ የሚፈለገው አንድ ነገር ነው። የሚቀጥለው የቀበሌዎች ውድድር ሲጀመር ካሜራውን ለዋንጫው ቀን ከማስቀመጥ ለመጀመሪያው ሳምንት ይላኩት፣ ተለማማጁንም አብረው። የዚያን ቀን ንግግር የሚያደርግ የክብር እንግዳ ስለማይኖር ማይኩ ነጻ ነው።